እሑድ የቀላው ቦይ

ጋሽ ጎበዜ የመጨረሻ ምሳቸውን የበሉበት ሳህን ገና አልታጠበም። ምክትል ኢንስፔክተር ዘርፈሽዋል ሰኞ ጠዋት ጭሮ ከተማ ካለው ቤታቸው ስትደርስ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነበር። አጠገቡ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ቀይ ስር የያዘ ጠርሙስ ቆሟል። ጡረተኛው መምህር እሑድ ቀትር ላይ ከዚህ ጠርሙስ በልተው፣ አመሻሹን ሆስፒታል ሞተዋል። ሐኪሞቹ የጫት ተባይ መድኃኒት ነው ብለዋል። ይህ መድኃኒት በዚያ አካባቢ እንደ ጨው ከየቤቱ የማይጠፋ ስለሆነ፣ ማን ገዛው ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነበር።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ኮንስታብል ቡሽራ። «ቀይ ስሩን የሠራችው ያሳደጓት ልጅ ሚልካ ናት። ምሳ አቅርባላቸው እሷ አልቀመሰችም። ስድስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«ያለቀ ከሆነ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

ዘርፈሽዋል በቀላሉ የተገኘ ጥፋተኛ ሁልጊዜ ይከነክናታል።

ሚልካ ጓዳ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ስትሞት በስድስት ዓመቷ ወስደው ያሳደጓት ጋሽ ጎበዜ ናቸው።

«ቀይ ስሩን መቼ ሠራሽው?»

«ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ፤ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሐኪም ደምህ አንሷል ካለው ጀምሮ ለአባዬ በየጊዜው እሠራለሁ።»

«እንዴት ነው የምትሠሪው? ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጅኝ።»

ሚልካ ቀና ብላ አየቻት። አባቷ ሞቶ ስለ ወጥ ቤት የምትጠይቃት ፖሊስ ጤነኛ አልመሰለቻትም። ግን መለሰች። «ከነልጣጩ እቀቅለዋለሁ። ጭራውንም አልነካም። ቢላ ካረፈበት ይደማል፣ ቀለሙ ውሃው ውስጥ ያልቃል። ሲበስል በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ልጣጩ ይወልቃል። ከዚያ እከትፈውና ነጭ ሽንኩርት ፍሬውን ሳልከትፍ ጨምሬ፣ በማር ጠርሙስ አድርጌ የፈላ አቼቶ አፈስበታለሁ።»

«ትናንት ለምን አልበላሽም?»

«ጾም ይዣለሁ።»

«ስለ ምን?»

«እሱ በእኔና በጌታ መሃል ነው።»

ቡሽራ በሩ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አያችሁ ማለቱ ነው።

«እሑድ ጠዋትስ የት ነበርሽ?»

«ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ከአባዬ ጋር አምልኮ ላይ። መዘምራን ውስጥ ነኝ፣ ሰው ሁሉ አይቶኛል።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ዋቃ ኮ፣ አምላኬ! ጠርሙሱን ሳላጥበው ቀርቼ ይሆን እንዴ? እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ዘርፈሽዋል ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ከጠርሙሱ አንድ ነጭ ሽንኩርት በሹካ አወጣችና በቢላ ለሁለት ከፈለችው። ውጪው ቀልቷል፤ ውስጡ እንደ ወተት ነጭ ነው። ቀይ ስሩም የታጠበ ጨርቅ መስሎ ገርጥቷል።

ጎረቤቲቱ ዓለምሸት ጥያቄ እስኪመጣላት የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። «እኔ ሰው አላማም» ብላ ጀመረች፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎች ዘርፈሽዋልን ብዙ ጊዜ ጠቅመዋታል። «ግን እሑድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በደጄ ቦይ ደም የመሰለ ውሃ ወረደ። በግ አርደው እኔን ሳይጠሩኝ! ዓርብ ዕለት ሚልካ የላከችልኝን ቀይ ስር እንኳ ተናድጄ ሳልነካው ቀረሁ።»

«ዓርብ የላከችልሽ ከየትኛው ነው?»

«ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከሠራችው ነዋ!»

ዘርፈሽዋል ከዓለምሸት ጎድጓዳ ሳህን አንድ ነጭ ሽንኩርት አንስታ ከፈለች። እስከ ልቡ ቀልቷል።

የሟቹ የወንድም ልጅ አጥናፉ ዓይኑ በለቅሶ አብጦ ነበር። ቅዳሜ ሊያገባት በፈለጋት ልጅ ምክንያት ከአጎቱ ጋር ተጣልቶ፣ በቀትር ሚኒባስ ገለምሶ የልጅቷ ቤተሰቦች ዘንድ ሄዷል። የተመለሰው እሑድ ዐሥር ሰዓት ነው። ቡሽራ ገለምሶ ደውሎ አረጋገጠ።

በመጨረሻ የተጠየቀው ተከራዩ ኃይለየሱስ ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር ለሥራ ተመድቦ መጥቶ፣ በግቢው ያለውን ሰርቪስ ቤት ከተከራየ አራት ወሩ ነው። እጁ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

«እሑድ አሞኝ ከአልጋዬ አልወረድኩም» አለ። «ሰው መወንጀል አልወድም፣ ኢንስፔክተር። ግን ቅዳሜ ማታ ጋሽ ጎበዜ አጥናፉን ‹እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፤ ራስህ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ዘርፈሽዋል አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። ቡሽራን ጠጋ ብላ ሰርቪሱን ፈትሽ አለችው። እሷ ወደ ሟቹ መደርደሪያ ሄዳ የድሮ የተማሪዎች ስም መያዣ ደብተሮችን አገላበጠች። አንዱ ላይ ገጽ ታጥፏል። አነበበችውና ደብተሩን ይዛ ወጣች።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሚልካን የሚወስደው መኪና ደጅ ቆሟል። ዘርፈሽዋል ሁሉንም ጓዳ ሰበሰበችና ሦስት ጥሬ ቀይ ስር፣ ሦስት ቢላና ውሃ ያለበት አንድ ድስት አቀረበች።

«ለመቀቀል አዘጋጁልኝ» አለች።

ዓለምሸት እያጉረመረመች አጥባ ከነጭራው ድስቱ ውስጥ ጣለች። በዚህ ቤት ያደገው አጥናፉም እንደዚያው አደረገ። ኃይለየሱስ ልጦ፣ በአራት ቆርጦ ጨመረ። ውሃው ወዲያው ቀላ።

«የሚልካ ጠርሙስ ዘጠኝ ቀኑ ነው» አለች ዘርፈሽዋል። «ከእሱ ዓርብ ለዓለምሸት የተላከው ነጭ ሽንኩርት እስከ ልቡ ቀልቷል። ጋሽ ጎበዜ የበሉበት ግን ውስጡ ነጭ ነው፤ ይህ ማለት ገና እሑድ የተሠራ ነው። ቀይ ስሩም የገረጣው ሳይበስል ስለተቆረጠ ነው። ቀለሙ የት ሄደ? በዓለምሸት ደጅ ቦይ።»

«በግ አልነበረም?» አለች ዓለምሸት አፏን ይዛ።

«አልነበረም። በዚያ ሰዓት ሚልካ ከመዘምራን ጋር፣ አጥናፉ ገለምሶ ነበሩ። ግቢው ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ነው።»

«ቀይ ስር መላጥ ወንጀል ሆነ?» አለ ኃይለየሱስ።

«አልሆነም። ግን ቅዳሜ ማታ አጥናፉ እዚህ ካልነበረ፣ ‹እስከ ሰኞ› የተባለው ለማን ነው?» ደብተሩን ገለጠች። «ኃይለየሱስ ከሚለው የተማሪ ስም አጠገብ በጋሽ ጎበዜ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ ‹ተከራዬ የሚሠራበት የትምህርት ማስረጃ የዚህ ተማሪዬ ነው። ስሙም እስከ አያቱ የእሱ ነው። ተማሪዬ ግን ሞቶ የቀበርኩት እኔ ነኝ።›»

ቡሽራ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። «ከሰርቪሱ አልጋ ሥር ነው» አለ። የማር ጠርሙስ ስብርባሪ ነበር፤ አቼቶ ይሸታል።

«የእኔ ጠርሙስ!» አለች ሚልካ።

«መድኃኒቱን ልትጨምር ስታነሳው አመለጠህና ተሰበረ» አለች ዘርፈሽዋል። «ወለሉን አጥበህ፣ ከሚልካ ቅርጫት ቀይ ስር ወስደህ፣ አምልኮ ሳያልቅ በተመሳሳይ የማር ጠርሙስ ሌላ ሠራህ። ከጣትህ ላይ ቀለሙን ያስለቀቀልህ ሎሚ ሳይሆን አይቀርም።»

ሰውዬው ድስቱን ከፊቱ ገፋ አደረገ። «ዐሥራ አንድ ዓመት በዚህ ስም ኖሬአለሁ» አለ። «ሰኞ ከሥራዬም ከስሜም ሊያወጡኝ ነበር።» ሚልካን የጠበቀው መኪና እሱን ይዞ ሄደ።

«እንግዲያው እኔ አይደለሁም?» አለች ሚልካ።

«አንቺ አይደለሽም» አለች ዘርፈሽዋል፤ ራርታላት እጇን ያዘች። «አሁን ንገሪኝ። ስለ ምን ነበር የጾምሽው?»

«የአባዬ ደም እንዲሞላ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነበር።»

ቡሽራ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። ዓለምሸት ወደ ቤቷ ሮጣ ያችን ጎድጓዳ ሳህን አመጣች፤ ማንም ያልነካው የዓርቡ ቀይ ስር አለበት። «ብዪ ልጄ፣ ሆድሽ ባዶ ነው» አለች።

ሚልካ አንድ ቁራጭ በጣቷ አንስታ ቀስ ብላ አላመጠች።

«ጨው አሳንሼበታለሁ» አለች። «አባዬ ጨው ሲበዛ አይወድም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።