እናት በወር ተራ

ወይዘሮ ጣይባን ደሴ ላይ ብርድ፣ ኮምቦልቻ ላይ ነገር ፈጃቸው። ባላቸው ጀማሉዲን ከሞቱ ወዲህ ሁለቱ ልጆቻቸው በፒያሳው የውርስ ቤት ምክንያት ተጣልተው፣ ሽማግሌ ሁሉ ሞክሮ አቅቶት፣ ለዓመታት አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ኖረዋል። እናታቸውን ግን ተካፈሏቸው! አንድ ወር ደሴ ሀፊዝ ዘንድ፣ አንድ ወር ኮምቦልቻ ለይላ ዘንድ። ብርድ ልብሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ ኮምቦልቻ ይቀራል። «ቤቱን የያዘው እሱ አይደል? ይግዛላት!» ትላለች ለይላ። «እሷ የእማየን ብርድ ልብስ አስቀርታ እኔ ልግዛ?» ይላል ሀፊዝ። በመካከሉ እኒያ ሳንባቸው የደከመ እናት በነጠላ ተጠቅልለው ሲያስሉ ያድራሉ። ያ ረቢ! ከአንድ ማሕፀን ወጥቶ፣ አንድ ጡት ጠብቶ እንዲህ መሆን ምን ይባላል? እናትየው ስንቴ ተቆጡ፣ ስንቴ ለመኑ! በመጨረሻ ሰለቻቸው።

የመረካከቢያው ቀን ቅዳሜ ዋለ። በዚያው ቀን የልጅነት ጓደኛቸው ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በእጃቸው የሰፏቸውን ብርድ ልብሶች ፒያሳ ባለ አንድ አዳራሽ ለሰው የሚያሳዩበት ነበር። «እዚያው ተረካከቡኝ፤ ጓደኛዬን ሳላይ አልወርድም» አሉ ወይዘሮ ጣይባ። ሀፊዝ በባጃጅ አደረሳቸው፤ ለይላ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ መጣች። ወንድምና እህት በር ላይ ተገጣጠሙና እሱ የግራውን፣ እሷ የቀኙን ግድግዳ ማየት ያዙ።

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቀለም ነው። የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ያረጀ መጋረጃ... ሁሉም በመርፌ ተጋጥሟል።

«ድሪቶ ነው እያልሽ ስትስቂብኝ!» አሉ ወርቅአፈራሁ ጓደኛቸውን እየሳሙ።

«ዛሬም ድሪቶ ነው። ግን ያምራል» አሉ ጣይባ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ስቀው።

ወርቅአፈራሁ ከጥግ የተሰቀለውን አወረዱና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸው። «ይኼ ያንቺ ነው። የሰጠሽኝን የጀማሉዲንን ኮትና ሽርጥ ሰፍቼበታለሁ። ከእንግዲህ ብርድ አይንካሽ።»

ወይዘሮ ጣይባ የባላቸውን ኮት በጣታቸው ዳበሱት። እንባቸው ገና ከዓይናቸው ሳይወርድ ሀፊዝ አንዱን ጫፍ ያዘ።

«እትዬ ወርቅአፈራሁ፣ ይንገሩልኝ! የአባቴ ኮት ከአባቴ ቤት አይወጣም!»

ለይላም ሌላውን ጫፍ ያዘች። «እርስዎም ይንገሩልኝ፤ እማየ ዛሬ የኔ ተራ ናት፣ አብሯት ይወርዳል!»

እሱ ሳበ፣ እሷ ሳበች። አሮጊቷ በመካከል ወዲያና ወዲህ ተንገላቱ። ጨርቁ ከስፌቱ ላይ ተተረተረ።

«አልሞትኩም እኮን!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ጣይባ። «ቁሜ እያየኋችሁ ነው! ትንሽ እንኳ አትታገሱም? ወላሂ በቃኝ! እዚህም አልቀር፣ ኮምቦልቻም አልወርድ። ወርቄ፣ ቤትሽ ውሰጅኝ!»

ወርቅአፈራሁ ቦሩ ሜዳ ወዳለው ቤታቸው ወሰዷቸው። ልጆቹስ? እሱ «እሷ ትለምናት» አለ፤ እሷ «እሱ ይመልሳት» አለች። በየፊናቸው እንዲህ እያሉ ክረምቱ ገባ፤ የወይዘሮ ጣይባም ሳል ወደ ትኩሳት ተለወጠ። ሐኪም መጣ፣ መድኃኒት ተሰጠ፤ የደከመ ሳንባ ግን አልመለስ አለ። ልጆቹ ሲጠሩ እየሮጡ ደረሱ። አልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ፤ አሁንም አይተያዩም!

ወይዘሮ ጣይባ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለይላ...»

«አቤት እማየ!»

«ወንድምሽ ከስቷል። ምሳ በልቷል?»

ለይላ ጎንበስ ብላ የአልጋውን ልብስ አስተካከለች።

«ጠይቂው እንጂ!» አሉ፣ በዚያ በተሰላቸ ድምፃቸው።

ለይላ ወደ ወንድሟ ቀና አለች። «ሀፊዜ... በላህ?»

«አልበላሁም» አለና ያ ጎልማሳ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እህቱ አልጋውን ዞራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ተቃቅፈው በእናታቸው እግር ላይ ወደቁ። «እማየ፣ አውፍ በይን፣ ይቅር በይን! ታረቅን እኮን፣ እይን!»

ማን ይይ? ማንስ ይስማ? ወይዘሮ ጣይባ መልሱን ሳይሰሙ ሄደዋል።

ወይ ዕድል! ያን ሁሉ ዓመት ስትለምን የኖረች እናት፣ ለአንዲት ቃል ያህል ዕድሜ ምነው ተነፈጋት? ሞትስ ያን ሁሉ ጊዜ ታግሶ፣ የልጆቿን እርቅ እስክታይ መቆየት ምነው አቃተው?

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ የጓደኛቸውን ዓይን በቀስታ ከደኑ። ከዚያም ወደ ተቃቀፉት ልጆች ዞረው፣ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣

«አሁን ተነጋገራችሁ?» አሉ።