የመካኒኩ ቀኝ እጅ

«ያዝኩት» አለ አባቷ።

አልያዘውም ነበር። የመኪናው በር መስታወት ከእጁ አምልጦ ወደ በሩ ሆድ ቁልቁል ተንሸራተተና ከታች ካለው ብረት ጋር ተላተመ። ልጅቷ በበሩ ቀዳዳ ያስገባችውን እጇን ያወጣችው ከዚያ በፊት አንድ ትንፋሽ ያህል ቀድማ ነበር። የወደቀባትን ቡሎን ልታነሳ ጣቶቿን ሰድዳ የነበረው መስታወቱ አሁን ባረፈበት ቦታ ላይ ነው።

እሷ ጎንበስ ብላ በስልኳ መብራት ወደ ውስጥ አየች።

«ተረፈ። አልተሸረፈም እንኳ» አለች።

«ጣትሽስ?»

«ደህና ነኝ።»

«አሳዪኝ።»

አሥሩንም ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችው። አባቷ አንድ በአንድ የሚቆጥራቸው ይመስል ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ፊቱን ወደ መሣሪያ ሳጥኑ አዞረ።

«ግራሶ ነክቶት ነው። አሟለጨኝ።»

መስታወቱ ላይ ግራሶ አልነበረም። ከአሥር ደቂቃ በፊት በደረቅ ጨርቅ የወለወለችው ራሷ ነበረች።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አባቷ ጋራዥ መምጣት ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏታል። አባቷ «ቡሎኔ» ነው የሚላት፤ ስትወለድ የአሥር ቁጥር ቡሎን ታህል ነበር እያለ ለሰው ሁሉ ይናገራል። ትምህርት ቤት ጓደኞቿ «አቦ ሽቶሽ ቤንዚን ነው እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱባት አብራቸው ትስቃለች። የተበላሸ ነገር ተፈትቶ፣ ታይቶ፣ እንደገና ሲሠራ የሚሰማትን ደስታ ግን ለማንም አስረድታ አታውቅም።

ዘንድሮ የምትመጣው ስለምትወደው ብቻ አልነበረም። ለዓመታት አብሮት የሠራው ረዳቱ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ አባቷ በምትኩ ሰው አልቀጠረም። ለጠየቀው ሁሉ «ሁነኛ ሰው ጠፋ» ይላል። እሷ ግን ምክንያቱን ታውቃለች። ሁነኛ ሰው አጠገቡ ቆሞ ቢውል ቀኝ እጁን ያየዋል።

ነገሩ የጀመረው በትንሹ ነው። መጀመሪያ ካቻቢቴ ከእጁ መውደቅ አበዛ። ቀጥሎ የሸሚዙን ቁልፍ በግራ እጁ መቆለፍ ጀመረ። እቤት ብርጭቆ ሲያመልጠው «ሳሙናው ነው» አለ፤ እናቷም አመነችው። አንድ ቀን ግን ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በግራው ሲቆነጥጠው ልጁ ደረሰችበት። ያን ዕለት፣ «ለእናትሽ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ በእኔና በአንቺ መካከል ይቆይ» አላት። ይህን ካላት ሁለት ወር ሆነ። ከዚያ ወዲህ እናቷ «አባትሽ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ባለቻት ቁጥር «ደህና ነው» ትላለች።

«በይ፣ እንደገና እናውጣው» አለ አባቷ።

መኪናዋ የአንድ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። የሾፌሩ በር መስታወት ከትናንት በስቲያ እንደወረደ ቀርቷል። አስተማሪው ጠዋት ቁልፉን ሲሰጣቸው፣ «ተማሪዎቼ ላይ የምጮኸውን ሁሉ መንገደኛው እየሰማ አለቀ። ስሜ ሳይጠፋ ዝጉልኝ!» ብሎ አስቋቸው ነበር። ከዚያ ኮስተር ብሎ ዝናቡ ወንበሩን እንዳበሰበሰው፣ ስምንት ሰዓት ላይም ሦስት ተማሪዎች ለፈተና ይዞ እንደሚሄድ ነገራቸው።

የበሩን ገበር የፈታችው እሷ ነበረች። ከመያዣው ሥር የተደበቁትን ቡሎኖች አወጣች፤ ገበሩን ዙሪያውን የያዙትን የፕላስቲክ መቆንጠጫዎች ሳትሰብር ፈነቀለች፤ ከውስጥ ያለውን ውሃ መከላከያ ላስቲክ ቀስ ብላ ላጠችው። ጥፋቱ ወዲያው ታየ። መስታወቱን የሚያወጣና የሚያወርደው ቀጭን የብረት ገመድ ተበጥሶ፣ እንደተፈታ ሹሩባ ተበታትኖ ተንጠልጥሏል። ገመዱ ለብቻው ሊቀየር በማይችል መልኩ ከሞተሩ ጋር አብሮ የተገጠመ ስለሆነ ሙሉ የመስታወት ማንሻው መቀየር ነበረበት። አዲሱ በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ አሁን እኔ ልያዘው። አንተ እንዳይወድቅ ፕላስተር ለጥፍበት» አለች።

አባቷ ቀና ብሎ አያት። ይቆጣኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልተቆጣም። ፕላስተሩን በጥርሱ እየቆረጠ በግራ እጁ ከመስታወቱ በላይ እስከ በሩ ክፈፍ ድረስ ሦስት ቦታ ለጠፈው። መስታወቱን ወደ ላይ ገፍታ የያዘችበትን እጇን ቀስ ብላ ለቀቀች። መስታወቱ ባለበት ቆመ።

የድሮውን ማንሻ የያዙትን ቡሎኖች እሷ ፈታች። ሲወጣ ግን አባቷ፣ «ቆይ፣ ይሄ ልምድ ይፈልጋል። እንዲህ ጠምዘዝ ካላደረግሽው በቀዳዳው አይወጣም» ብሎ ሁለቱንም እጆቹን አስገባ። ትንሽ ታገለ። በመጨረሻ ማንሻው ወጣለት፤ ደስ ብሎት ወደ ብርሃን አስጠጋው።

«አየሽ? ገመዱን የበላው ይሄ ነው። ገመዱ የሚዞርባት ማዞሪያ ተሰንጥቃለች። ስትሰነጠቅ ገመዱ ከመስመሩ ይወጣል፣ ከዚያ...»

ልጅቷ ማዞሪያውን አላየችም። የምታየው ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ የሚለውን ደም ነበር።

«አባዬ።»

«እ?»

«እጅህ።»

አባቷ ግራ እጁን አገላብጦ አየው።

«ሌላኛው» አለች።

የበሩ ቆርቆሮ ጠርዝ ቀኝ መዳፉን ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ድረስ ቀዶታል። አባቷ ቁስሉን የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው አየው። አላመመውም። ፊቱ ላይ የነበረው ሕመም ሳይሆን ፍርሃት ነበር፤ እሷ ደግሞ አባቷን ፈርቶ አይታው አታውቅም።

ያረጀ ጎማ ላይ አስቀመጠችው። ቁስሉን በውሃ አጠበች፣ ከመጀመሪያ እርዳታው ሳጥን ፋሻ አውጥታ ጠበቅ አድርጋ አሰረችለት። ስታስር «ጠበቀብህ?» ብላ ልትጠይቀው አፏን ከፈተችና ተወችው። ምን ብሎ ይመልስላታል?

«ቀጥዪ። እኔ በአፌ እሠራለሁ» አለ አባቷ ሲቆይ።

ቀጠለች። አዲሱን ማንሻ አጣጥፋ አስገባችው። «መጀመሪያ አታጥብቂ፣ ሁሉንም ቡሎን አስይዢው ብቻ» አላት፤ አስያዘች። የሞተሩን ሽቦ ሰካች። ፕላስተሩን ላጠችና መስታወቱን ትንፋሿን ይዛ በመስመሩ አወረደችው፤ መያዣው ላይ ሲገባ ቀጭ ሲል ተሰማት። አጠበቀች። ስዊቹን ስትጫነው መስታወቱ ሳይንገጫገጭ ወጣና ላዩ ላይ ካለው ጎማ ጋር ገጠመ። በሌላ ቀን ቢሆን ትዘል ነበር። አሁን ዞር ብላ አባቷን አየችው። ራሱን ነቀነቀላት፤ ዓይኑ ግን ፋሻው ላይ ነበር።

ላስቲኩንና ገበሩን መልሳ እንደገጠመች፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አስተማሪው መጣ። መስታወቱን አንዴ አወረደ፣ አንዴ አወጣ፣ ደግሞ አወረደ።

«እጅህ ይባረክ!» አለው አባቷን። «ድሮም አንተ ጋ ባልመጣ ነበር የሚገርመኝ።»

አባቷ ቀኝ እጁን ቱታው ኪስ ውስጥ ከቶ ቆሟል። «የሠራችው እሷ ናት» አለ።

«ተው እንጂ!»

«እውነቴን ነው። እኔ ዝም ብዬ ሳወራ ነበር።»

አስተማሪው ሳቀ። «እንግዲያውስ የሷም እጅ ይባረክ» ብሎ መኪናዋን አስነስቶ ሄደ። አባቷ አብሮት አልሳቀም። መኪናዋ ከዓይን ከጠፋች በኋላም ወደ በሩ እያየ ቆመ።

«አባዬ፣ ዛሬ ለእማዬ እንንገራት።»

«ሰኞ እነግራታለሁ።»

«ሰኞ አይደለም። ዛሬ።»

«ቡሎኔ፣ ይሄ ነገር ከተሰማ መኪናውን የሚሰጠኝ ማነው? እጁ የማይታዘዝለት መካኒክ ምን ይሠራል? ሐኪም ቤት ብሄድ መጀመሪያ የሚሉኝ 'ሥራህን ተው' ነው።»

ጋራዡ ቢዘጋ ምን እንደሚሆኑ እሷም አታውቅም። ቅዳሜዋን የት እንደምታሳልፍ እንኳ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ቅድም ጣቶቼ እዚያ ውስጥ ነበሩ» አለች።

አባቷ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ወደ መሣሪያዎቹ ሄደና በግራ እጁ አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ መለሳቸው። ከዚያ የጋራዡን በር ሳበው። «ነዪ» አለ። «አብረን እንሂድ።»

እናቷ የምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። እዚያ ሲደርሱ እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። አፏ ላይ ሁለት ስፒል ይዛለች። አውጥታ ፈገግ አለች።

«ሁለታችሁም በዚህ ሰዓት? ምን ተገኘ?» አለች። ከዚያ ፋሻውን አየችው። «ውይ! እጅህን ምን ሆንክ?»

አባቷ አፉን ከፈተ። ልጅቷ ጠበቀች። «አሁን» አለች በልቧ፣ «አሁን ይነግራታል።»

«ምንም አይደል» አለ አባቷ። «ቆርቆሮ ጫር አድርጎኝ ነው።»

«ደግሞ እንደ ሕፃን!» አለች እናቷ። «ሳትጠነቀቅ እየሠራህ። በል እዚያ ተቀመጥ፣ ይቺን እጅጌ ልጨርስና አየዋለሁ።» እግሯን ወደ መርገጫው መለሰች። ማሽኑ መጮህ ጀመረ።

አባቷ ልጁን አላያትም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የክር ጥቅሎች እያየ ቆሟል፤ ትከሻው ከጠዋቱ ያነሰ መሰላት። ብትናገር ይቀየማት ይሆን? ይቀየማት ይሆናል። «ቡሎኔ» ብሎ የማይጠራት ቀን ይመጣ ይሆን? እሱንም አላወቀችም።

እጇን ዘርግታ የማሽኑን ማጥፊያ ተጫነች፤ ማሽኑ ቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች እናቷ ቀና ብላ።

«እማዬ፣ ሲቆርጠው አልተሰማውም።»

«ምን ማለትሽ ነው አልተሰማውም?»

ልጅቷ አንድ ዱካ ጎትታ ለአባቷ አስቀመጠችለት፤ ሌላ ደግሞ ለራሷ ጎተተችና በእናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አባቷ ወደ በሩ አየ፤ ግን አልወጣም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ካቻቢቴው መጀመሪያ ከወደቀበት ቀን ጀምራ ነገረቻት።