የከዳው ጉልበት

ልብስ ሰፊው ጠዋት በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ቁስል የለበትም። ጎረቤቱ ሁሉ «ልቡ ቀጥ አለ» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። መርማሪዋ ግን የጀመረውን ኮት ስታገላብጥ ቆየች። የሠላሳ ዓመት ባለሙያ የሰፋው አይመስልም፤ ስፌቱ ልል ነው። ከባዱ መቀስ አቧራ ለብሶ ተሰቅሏል። ወደ ሚስቱ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የደከመው?»

«ሁለት ወር ይሆነዋል» አለች ሚስትየው እንባዋን እየጠረገች። «እግሩን ሲሸመቅቀው ይጮሃል። ሽንት ቤት ይመላለሳል። ስኳር ነው ብለን ብናስመረምር የለበትም።»

«እርስዎስ መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«የደም ግፊት ኪኒን፤ ሽንት የሚያበዛውን። ሰሞኑን ወሩ ሳይጋመስ ያልቅብኛል። መቼም እርጅና ነው፣ ደግሜ እየዋጥኩ ይሆናል።»

ሱቁ ውስጥ አብራ የምትሰፋው ሴት ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ሻይ የማፈላው እኔ ነኝ፤ የሚያቀርብላቸው እዚሁ ግቢ የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ባለፈው ወር አሥር ቀን መንገድ ሲሄድ እኔ አቀረብኩ። ያን ሰሞን ጋሼ ጣቃውን ብቻቸውን ተሸክመው ሲገቡ ‹ጎረመሱ!› ብዬ ስቄባቸዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሚስትየውን፣ ሰፊዋንና ወንድምየውን ሰበሰበቻቸው።

«ጡንቻ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ይፈልጋል» አለች። «ሲያንስ እጅ ይዝላል፣ እግር ይሸመቅቃል። ሟቹ ከሦስት ቀን በፊት የሰጠው የደም ናሙና ውጤት ዛሬ ደረሰ፤ ማዕድኑ ከሚፈለገው ግማሽ በታች ወርዷል። እየበላ፣ ሳያስመልሰው፣ ሳያስቀምጠው እንዴት አለቀ? በሽንት ወጣ። ያስወጣው በሻይ የተሰጠው የእትዬ ኪኒን ነው። እሳቸው ቢሆኑ ኪኒኑ ቶሎ ማለቁን አይነግሩኝም ነበር። ሻይ አፍይዋ ብትሆን፣ እሷ ባቀረበችበት ሰሞን ባልበረታ ነበር።»

የአዝራር ማስቀመጫ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፈተች። ውስጡ ነጭ የኪኒን ዱቄት ነበር።

«ከእርስዎ መሳቢያ የተገኘ ነው» አለችው ወንድምየውን።

ፊቱ አመድ መሰለ። «እንዲሞት አልፈለግኩም! ሃያ ዓመት ሙሉ አዝራር ስተክል ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ጨርቅ ቁረጥ አላለኝም። እጁ ዝሎ መቀሱን እንዲያስረክበኝ ብዬ ነው... እጁ ብቻ!»

«ልብም ጡንቻ ነው» አለችው መርማሪዋ።

ሚስትየው ወንበሯን ከእሱ አራቀች።