ስምንተኛው ቀለበት

እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ በትህትና አዳምጬ፣ ቤቴ ስገባ የምስቅ ሴት ነበርኩ። ያገባሁትም በዓይኑ ያላየውን የማይጽፍ ሰው ነው፣ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ቤታችን ውስጥ ስለ መንፈስ ተወርቶ አያውቅም። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ ሐዘን ያዞራት ሴት ናት ብትሉ አልቀየማችሁም፣ እኔም ለብዙ ጊዜ ለራሴ እንደዚያ ብያለሁ።

ባለቤቴ አሰብ ላይ የዓሣ ባለሙያ ነበር። በሰባዎቹ መጀመሪያ ወደ ጅጅጋ ተዛውሮ የባዮሎጂ መምህር ሲሆን፣ ከዕቃችን ሁሉ አስቀድሞ የጫነው የዓሣ የጆሮ ድንጋይ የሞላበትን የእንጨት ሣጥን ነው። ዓሣ ጆሮው ውስጥ ድንጋይ አለው፣ እመኑኝ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ድንጋዩ ለሁለት ተሰብሮ፣ በአልኮል መብራት ቡናማ እስኪሆን ተለብልቦ፣ የዘይት ጠብታ ጣል ሲደረግበት በአጉሊ መነጽር እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት ቀለበት ይታይበታል፣ አንዱ ቀለበት አንድ ዓመት ነው።

እሱ ያጠና የነበረው በባሕሩ ዳር በድንጋይ ዋሻ የሚኖር አንድ ትልቅ ዓሣ ነው፣ ሁሉም ሴት ሆኖ ይጀምራል፣ እንቁላል ይጥላል፣ ካደገ በኋላ ጥቂቱ ወንድ ይሆናል። የግመል ወተት የምትሸጠው ጎረቤታችን ሃሊማ ይህን የሰማች ቀን ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«መዓሊን፣» አለችው፣ መምህር ማለቷ ነው፣ «ዓሣ የሚበላ ሰው እኮ እንዲህ ነው የሚያወራው። ግመል ብታጠና ኖሮ እስካሁን ሀብታም ነበርክ።»

«ግመልሽ ወንድ የሆነች ቀን ጥሪኝ፣ እመጣለሁ።»

«ለመሆኑ ሴቷ ለምን ትለወጣለች? ምን ጎደለባት?»

«አንዳንዴ ትልቁ ወንድ ሲጠፋ ነው። ከሴቶቹ ትልቋ ቦታውን ትይዛለች።»

«እኛ ሳንለወጥም እንይዘዋለን፣ አይደል አባዮ?» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፣ አባዮ በነሱ እህቴ ማለት ነው። ባሏን ቀብራ አምስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። እኔ ያኔ አብሬያት ስቄያለሁ።

ሥራውን ሲሠራ እሱ በውስጠኛው ክፍል መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ በምግብ ጠረጴዛው ላይ እጽፋለሁ። ቁጥሩን ሲጠራ መልሼ መጥራት አለብኝ። «አምስት» ይላል፣ «አምስት» እላለሁ፣ ጽፌ ስጨርስ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ የእርሳሱን ድምፅ ካልሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ ማታ ማታ የጻፍኩትን ወደ መዝገቡ በራሱ እጅ ይገለብጣል።

ጉበቱን ታሞ በሦስት ወር ሞተ። ድንጋዮቹን ሁሉ ቆጥሮ ጨርሶ ነበር፣ ነገር ግን በሙያው ደንብ እያንዳንዱን ድንጋይ ሁለተኛ ሰው፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ሳያይ፣ እንደገና መቁጠር አለበት፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ያ ዓሣ ከሥራው ይወጣል። የአሰብ ባልደረባው ጻፈልኝ፤ ሁለተኛው ቆጠራ ከግንቦት በፊት ከደረሰ ጥናቱ በባለቤቴ ስም ይታተማል፣ ካልደረሰ ግን ይቀራል። ልጅ አልነበረንም። ስሙ የሚጠራበት ሌላ ቦታ ስላልነበረ፣ አቆጣጠሩን ከሱ ስላየሁ፣ ድሮ የጻፍኳቸውም ቁጥሮች ስለተረሱኝ፣ እኔው ልቆጥር ተቀመጥኩ።

ከሁሉም የከበደችኝ ዓሣ ቁጥር ዘጠና ሦስት ናት። የእንቁላል ከረጢቷ ወደ ወንድነት እየተለወጠ ሳለ የተያዘች አንዲት ዓሣ ናት፣ ዓሣው በስንት ዓመቱ እንደሚለወጥ የምታሳየው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ እሷ ከወጣች ጥናቱ ባዶ ይቀራል።

ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ቤቱ ገብቶ መንገዱ ጭር ሲል። የሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ መጋረጃውን እንደ ድሮው ዘጋሁት። «አራት» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ልማድ ነው፣ የምጽፈውም እኔው ነበርኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ነፋስ ነው አልኩ፣ የጅጅጋን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮውን ሲነካ የማያሰማው ድምፅ የለም። «ስድስት» ስል ግን ቀስ ብሎ «ስድስት» አለኝ፣ ከዚያ እርሳስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። አልጮህኩም፣ አልተነሳሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ሳይሆን እረፍት ነው፣ ሰው መልሶልኝ አያውቅም ነበርና ከሞተ ወዲህ።

እንዲህ እየተባባልን ቁጥር ዘጠና ሦስት ድንጋይ ላይ ደረስን። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። «ሰባት» አልኩ።

«ስምንት» አለኝ ከመጋረጃው ወዲያ።

የእርሳስ ድምፅ አልተሰማም። መብራቱን አስጠግቼ እንደገና አየሁ፣ ዳር ላይ፣ ከጠርዙ ሥር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ አንድ ቀለበት ነበር። ወይም የነበረ መሰለኝ። ማድረግ የሌለብኝን አደረግሁ፣ የሱን መዝገብ ከፈትኩ። በራሱ እጅ፣ በማያጠራጥር ጽሕፈት፣ ሰባት ይላል።

ስምንት ብል ከሱ ጋር አልስማማም፣ ዓሣዋ ትወጣለች፣ ሥራውም ስሙም ይቀራል። ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ተነስቼ መጋረጃውን ስገልጥ ጠረጴዛው ባዶ ነበር፣ እርሳሴም እኔው እጅ ላይ ነበረ።

አመሻሹ ላይ ሃሊማ ወተት ይዛ መጣች።

«አባዮ፣ እንግዳሽ ሄደ?»

«የምን እንግዳ?»

«ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቁጥር ስትጠራሩ ሰማሁ እኮ። ኋላ አንቺ ሰባት ትያለሽ፣ እንግዳሽ ስምንት ይላል። በከብት ገበያም እንዲህ አይከራከሩም።»

«ድምፁ የወንድ ነው?» አልኳት።

አሰበች። «በግድግዳ በኩል ነው የሰማሁት፣ ወንድ ይሁን ሴት አልለየሁም» አለችና ወተቱን ቀዳችልኝ።

ሬዲዮ ነው አልኳት። ሬዲዮ እንደሌለን ታውቃለች፣ የወተት ዕቃዋን አንስታ ወጣች።

ጥናቱ ታተመ። የባለቤቴ ስም ከላይ አለበት፣ ዓሣው በሰባት ዓመቱ እንደሚለወጥም ተጽፏል። አንዳንድ ከሰዓት ያንን ገጽ አወጣና ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ «ሰባት» ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። ለዚያች ቁጥር የእርሳሱን ድምፅ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።