ስማቸው ሐውልት ላይ ያለ ሽማግሌ

«ጎረቤታችን ናቸው» አለች ቢሊሴ።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ መልሳ ብትውጠው በወደደች ነበር። ሃኒና አብረዋት የመጡት ሁለት የክፍሏ ልጆች ግን ሰምተዋታል። ከሁሉ የከፋው፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በቆሎ የሚፈለፍሉት አያቷም ሰምተዋታል። ጆሯቸው ደህና ነው። ሃኒ ግቢ ስትገባ «የሃምሳ አለቃ ጫምሳ ቤት እኮ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር» ማለቷንም፣ ወዲያው ወደ እሳቸው ዞራ «እኚህስ ማን ናቸው?» ብላ መጠየቋንም ሰምተዋል።

ሽማግሌው ቢሊሴን ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ለእንግዶቹ ፈገግ አሉ።

«አዎ፣ ጎረቤት ነኝ። አካም ጅርቱ፣ ደህና ናችሁ ልጆቼ?»

ጎረቤት ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የበቆሎውን ሳፋ አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከገዛ ግቢያቸው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወዴት እንደሚታጠፉ ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ዕለት ነው። ዘጠነኛ ክፍሎች ከአዳማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለውን የወታደሮች መታሰቢያ ሊያጸዱ ሄደው ነበር። ሐውልቱ ሥር በጦርነት የወደቁት ወታደሮች አጽም የተሰበሰበበት የድንጋይ ቤት አለ፤ ግድግዳው ላይ ስማቸው ተቀርጿል። ቢሊሴ መጥረጊያዋን ተደግፋ ስትለግም ሃኒ ጠራቻት።

«ቢሊ፣ ነይ እስኪ! ሃምሳ አለቃ ጫምሳ ኢተፋ ይላል። አንቺ ቢሊሴ ይትባረክ ጫምሳ አይደለሽ? አያትሽ ናቸው እንዴ?»

«ናቸው» አለች። እስከዚህ ድረስ ውሸት የለበትም።

ውሸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ሁሉ በአክብሮት ዞረው አዩዋት። የታሪክ መምህራቸው መምህር ሙሉብርሃን ኮፍያቸውን አውልቀው «ነፍሳቸውን ይማር» ሲሉ ቢሊሴ «አሜን» አለች። በዚያው ጠዋት አብሯት ሻይ ለጠጣ ሰው አሜን አለች። መምህሩም ቅዳሜ በመታሰቢያው ቀን አበባውን የምታስቀምጠው እሷ እንድትሆን እዚያው ወሰኑ።

ጫምሳ ኢተፋ ግን አልሞቱም። በምሥራቁ ጦርነት ተማርከው ዓመታት ጠፉ። ወሬያቸው ሲጠፋ ቤተሰቡ ለቅሶ ተቀምጦ እርማቸውን አወጣ፤ ስማቸውም ከሟቾቹ ጋር ተቀረጸ። በመጨረሻ ሲመለሱ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበላቸው፤ ስሙን ለመፋቅ ግን ማንም አልደፈረም።

ቢሊሴ ይህን ለሰው መናገር አትወድም። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ለአንድ ልጅ ብትነግረው «እጁን ሰጥቶ ነዋ የተረፈው!» ብሎ ክፍሉን አሳቀባት። ከዚያ ወዲህ የአያቷ ነገር ሲነሣ ወሬ ትቀይራለች። ማክሰኞ ዕለት ልጆቹ በአክብሮት ሲያዩዋት ደግሞ ደስ አላት። አዎ፣ ደስ ብሏት ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሃኒና ልጆቹ ዓርብ ዕለት የመጡት አበባው ላይ የሚታሰረውን ሪባን ሊሰጧት ነበር። «አቦ ይመችሽ፣ ነገ ሼም እንዳይዝሽ» ብለዋት ሄዱ። ሼሙስ ይዟታል፤ ግን እነሱ ባሰቡት በኩል አልነበረም።

አያቷ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ። ቢሊሴ ይቅርታ ልትጠይቅ እስኪመጡ ስታሰላስል የቆየችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። እሳቸው ቀደሟት።

«ነገ በጠዋት አርሲ ነገሌ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ልጅቷ ግቢ ስትገባ ስለ ነገው አበባ ስትናገር ሰምቻለሁ። እኔን ሰው ካየኝ ይበላሽብሻል።»

«አባባ፣ እኔ እኮ…»

«እኔም አፍርበታለሁ ልጄ። እነሱ እዚያ ቀርተው እኔ መምጣቴ ያሳፍረኛል። ስንት ዘመን አዳማ ስኖር አንድ ቀን ያንን ኮረብታ አልወጣሁም። ባንቺ አልፈርድም።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። አልጋዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ለራሷ ይሁን ለእሳቸው አላወቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት አያቷ ትንሽ ቦርሳ አንግተው፣ እሷ ዩኒፎርሟን ለብሳ አበባውን ይዛ መንገድ ዳር ቆሙ። ባጃጅ መጥቶ አጠገባቸው ቀጥ አለ። አያቷ «መናኸሪያ» አሉ።

ቢሊሴ ቦርሳውን ከትከሻቸው ተቀበለቻቸው። ለነጂው «ሐውልቱ ጋ ውሰደን» አለችው። «ሁለታችንንም።»

«ሰው ያየኛል» አሉ አያቷ በዝግታ።

«ይዩዎት።»

አያቷ የባጃጁን ብረት ይዘው ገቡ። መንገዱን ሁሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ኮረብታው ብቻ ያያሉ። መግቢያው ላይ ሃኒና መምህር ሙሉብርሃን ቆመው ነበር። ሃኒ ቢሊሴን ስታይ እጇን አውለበለበች፤ ከዚያ ከጎኗ የተቀመጡትን «ጎረቤት» አየችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

ቢሊሴ ከየት እንደምትጀምር አታውቅም። አበባውን ለአያቷ አስያዘችና ቀድማ ወረደች።