አርባኛውና ሃምሳኛው ደቂቃ

«ዮርዲ፣ የአርባኛውና የሃምሳኛው ደቂቃ ናሙና የት አለ?»

ፀደንያ በረዶው ላይ የተደረደሩትን ትንንሽ ብልቃጦች ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። ስድስት ናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ግራፍ ግን ስምንት ነጥቦች አሉ።

ሁለቱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ዕረፍታቸው ካናዳ፣ ካልጋሪ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጋሽ አድማሱ የተባሉ ተመራማሪን እያገዙ ነው። አዛይድና አልካይን የሚባሉ ሞለኪውሎች ሲሞቁ እየተያያዙ ረጅም ሰንሰለት፣ ማለትም ፖሊመር ይሆናሉ። የልጆቹ ሥራ ፍጥነቱን መለካት ነው። ሰማንያ ዲግሪ ላይ ካለው ድብልቅ በየአሥር ደቂቃው ጠብታ ይወስዱና መያያዙ እንዲቆም በረዶ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ ምን ያህሉ እንደተያያዘ በመሣሪያ ያያሉ።

ዮርዲ ወንበሯን አሽከረከረች። «ኦኬ፣ ዶንት ፍሪክ አውት፣ አትደንግጪ። እማዬ ክሊኒክ ሆና ደወለች። ዶክተሩ የሚላት አልገባትም፣ ማስተርጎም ነበረብኝ። ላይክ፣ ምን ልበላት? እማ ቆይ፣ ጠብታ ልውሰድ?»

«እኔን አትጠሪኝም?»

«ምሳ ላይ ነበርሽ። ደሞ ሠላሳና ስልሳ አለን አይደል? መሃሉን ሞላሁት። ሲምፕል።»

ፀደንያ መቆጣት አቃታት። እሷም ለአባቷ ስንቴ አስተርጉማለች። ግን ስድስቱ ነጥቦች ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲሉ፣ ሁለቱ ልክ መስመሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። ድብልቁ ሲወፍር ፍጥነቱ ይቀየር እንደሆነ የሚታየው ደግሞ እዚያው መሃል ነው።

«ምናልባት ልክ ነው» አለች ዮርዲ።

«ምናልባት።»

በሩ ተከፈተ። «የኔ ኬሚስቶች!» አሉ ጋሽ አድማሱ። «የፍጥነቷን ቁጥር ስጡኝ። ነገ ከሁለት ግራም ወደ ሁለት መቶ ነው የምሄደው፤ ስንት ዲግሪ ላይ እንደማሞቀው የምወስነው በእናንተ ቁጥር ነው። ካሰብነው በላይ ከፈጠነ ራሱን በራሱ እያሞቀ ይሄዳል፣ ያኔ ማን ያቆመዋል?»

ዮርዲ አንገቷን ደፋች። ጋሽ አድማሱና እናቷ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት፤ ወሬው እናቷ ጆሮ መድረሱ አይቀርም።

ፀደንያ ተነሣች። ተቀመጠች። እንደገና ተነሣች።

«ገና ነው ጋሼ። ሁለት ነጥቦች ይጎድሉናል።»

«ስምንት አይደሉም እንዴ? ይኸው።»

«ሁለቱን አልለካናቸውም። ዝም ብለን ጻፍናቸው።»

ዮርዲ ቀና ብላ አየቻት።

ጋሽ አድማሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ የነገው ሥራ ቀረ ማለት ነው» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ከመጀመሪያው ድገሙት። እኔም እዚሁ ነኝ።»

ፀደንያ ሁለቱን ነጥቦች አጠፋች፤ አዲስ ድብልቅ አዘጋጅታም ማሞቂያውን አበራች። ቴርሞሜትሩ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዲግሪ አለ። ዮርዲ ቀስ ብላ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ሰዓቱን ማን ይያዝ?» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ፀደንያ የሰዓት መቁጠሪያውን ወደ ዮርዲ ገፋችላት።

«አንቺ» አለቻት።