ጠመንጃውን ያልተሻገረው ልጄ

በዚያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፣ እኔ፣ ልጄ ጌትነት፣ ከዳባት የመጣችው እህቴ የሺ፣ እና ጎረቤታችን አያ ብርሌው፣ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እመኑኝ፣ ሰው ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ «ጾምህን ተኝተህ ነው» ብዬ የምስቅ ነበርኩ።

ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደባርቅን ጉም ስለዋጣት ጌትነት ባጃጁን ደጅ አቁሞ ከገበያ የገዛውን ዲቪዲ ይዞ ገባ። «አሮጌ የካውቦይ ፊልም ነው እማ፣ ምስሉን አጥርተው እንደ አዲስ አውጥተውታል» አለኝ። ሽፋኑ ላይ አንድ ሰው ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ፈረስ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ አይታይም።

«ሰው ሁሉ በሞባይል በሚያይበት ዘመን አንተ አሁንም ሸክላ ታዞራለህ?» አለችው የሺ።

«በሞባይልማ ፈረሱ ፍየል ያህላል፣ አክስቴ!»

ፊልሙ የደም ነገር ነው፣ በልጅነቱ አባቱን የገደሉበት ሰው አድጎ ገዳዮቹን ፍለጋ ይመጣል። የጌትነት አባትም በወሰን ጠብ በሰው እጅ ነው የሞተው፣ ልጁ የአራት ዓመት ሳለ። ያኔ አያ ብርሌው ያሉበት ሽማግሌ ገብቶ፣ የሁለቱም ወገን ወንዶች መሬት ላይ የተጋደመ ጠመንጃ ተሻግረው ደም ላይፈላለጉ ማሉ፣ ሕፃን እንኳ ቢሆን ታቅፎ ይሻገራል። እኔ ግን የገዳዩ ወገኖች መልኩን ለይተው ኋላ ይገድሉብኛል ብዬ ፈርቼ፣ ልጄን ዳባት እህቴ ዘንድ ደበቅሁትና «ታሟል» አልኩ፣ ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ የለም፣ ለእሱም አልነገርኩትም። ገዳዩ አሁን እስሩን ጨርሶ አምባራስ ይኖራል።

ፊልሙን አንድ ሰው በአማርኛ ይተረጉም ነበር፣ ዝግ ያለ የሽማግሌ ድምፅ፣ ልክ እንደኛ አገር ሰው ጎተት እያደረገ፣ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩት እኔ እንኳ አንድ ቃል ሳያመልጠኝ ተከተልኩት። ሰውዬው ከገዳዩ በር ደርሶ ከፈረሱ ሊወርድ ሲል መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ፣ ኮቴው ግን አልቆመም፣ ደጃችን ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ቆመ፣ ከዚያ ያው ድምፅ፣ ከቴሌቪዥኑ ይሁን ከደጅ እንጃ፣ «ልጁ ጠመንጃውን አልተሻገረም» አለ።

የሺን አየኋት፣ ታዛጋለች። አያ ብርሌው «ይሄ መብራት ደግሞ!» ይላሉ። ጌትነት ብቻ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«እማ፣ እኔ ተሻግሬያለሁ?»

«ምኑን ነው የምትሻገረው፣ ልጄ?» አሉት አያ ብርሌው።

ተሻግረሃል ብል ያልፍ ነበር፣ አምላክ ያውቃል ልለውም ነበር፣ እኔ ግን ነጠላዬን ጎትቼ ፊቴን ሸፈንኩ።

«ገባኝ» አለና ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

መብራት ሲመጣ የሺን «ተርጓሚው መጨረሻ ላይ ያለውን ሰማሽ?» ብላት አፍጥጣ አየችኝ። «የምን ተርጓሚ? እንግሊዝኛ አይደል እንዴ፣ እንቅልፌን ያመጣው!» አያ ብርሌውም እንደዚያው። በነጋታው ዲቪዲውን ሻጩ ዘንድ ወሰድኩት፣ ከፍቶ አሳየኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የፈረንጅ አፍ ነው፣ ትርጉም ኖሮትም አያውቅም አለኝ።

ጌትነት ባጃጁን እንዳቆመ አልተመለሰም። የደበቅሁትን ብነግራቸው አያ ብርሌው አምባራስ ድረስ ሰው ልከው ነበር፣ የአባቱ ገዳይ በሰላም አለ፣ ልጄን ግን ያየ የለም።

ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ቀይ ዳማ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ ያያችሁ፣ ደባርቅ አያ ብርሌው ቤት ንገሩልኝ። ሽማግሌዎቹ ተጠርተዋል፣ ጠመንጃው ይጋደምለታል፣ እኔ ራሴ እጁን ይዤ አሻግረዋለሁ በሉት። ደግሞ በእግሩ ነበር ወይስ በፈረስ፣ እሱንም አትደብቁኝ፣ እኛ ፈረስ የለንም።